የመንገደኛ ውሃ

ባርዲያ ለትምህርት ወደ አሜሪካ የሄደ ዕለት፣ እናቱ ሱዳቤ በኢራኗ ከተማ በታብሪዝ ደንብ ደጃፏ ላይ ቆማ ከኋላው አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ደፋች። መንገደኛ ቶሎ እንዲመለስ ነው። ልጁ ግን በዚያው ቀረ፤ አግብቶም ወለደ። ልምጣ ቢል አሜሪካኖቹ መልሰው እንዳያስገቡት ፈራ፤ እሷ ልሂድ ብትል ቪዛ የሚሰጥ የአሜሪካ ኤምባሲ አገሯ ውስጥ የለም። ባሏም ሞተ። ሩዝ ለአንድ ሰው መቀቀል እስካሁን አልሆነላትም፤ ሁልጊዜ ይተርፋታል።

ሁለቱ መንግሥታት ለድርድር ተቀመጡ በተባለ ቁጥር ሻንጣዋን ከቁም ሣጥኑ ላይ ታወርዳለች። ድርድሩ ሲፈርስ መልሳ ትሰቅላለች፤ ለልጇ የገዛችውንም የፒስታቺዮ ለውዝ ብቻዋን ትበላለች። የዘንድሮው ድርድር ኦማን፣ ሙስካት ላይ ነበር። ተደራዳሪዎቹ በየክፍላቸው ተቀምጠው፣ መልእክቱን ኦማኖች ያመላልሱላቸዋል ተባለ።

«እኔና ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስንኳረፍ ባርዲያን ‹ለአባትህ ንገረው› እል ነበር» አለቻት ጎረቤቷን ፋርዛኔን። «እኛስ ራት ሲቀርብ እንታረቅ ነበር።»

እንዲያም ሆኖ የልጅ ልጇን በስልክ ብቻ ማየት አንገሸገሻትና በጎረቤት አገር አርሜኒያ፣ የሬቫን ከተማ ካለው የአሜሪካ ኤምባሲ ቀጠሮ ያዘች።

«ሱዳቤ፣ የማትመለሺ ከመሰላቸው አያስገቡሽም» ብላ ፋርዛኔ መከረቻት። «ወንድምም እህትም ፍጠሪ። የሚጠብቀኝ አለ በያቸው።»

«እሺ። አንቺ ግን ውሃ እንዳትደፊብኝ። ቶሎ መመለስ አልፈልግም።»

የሬቫን ላይ፣ ከኤምባሲው መስኮት ወዲያ የተቀመጠው ወጣት ሰነዷን አገላብጦ በአስተርጓሚ ጠየቃት።

«ኢራን ውስጥ ማን ይጠብቅዎታል?»

ውሸቱ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያን ሁሉ ዓመት ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም፤ ሆድ ባሳት።

«ማንም» አለች። «ማን ቢኖረኝ ነው ልጄ፣ ድንበር ተሻግሬ እናንተ ደጅ የምቆመው?»

ወጣቱ አቀረቀረ። ፓስፖርቷን ከእምቢታው ወረቀት ጋር መለሰላት።

ታብሪዝ ስትደርስ ፋርዛኔ ደጃፏን እየጠረገች ነበር። ፊቷን አይታ መጥረጓን አቆመች።

«ደፍተሽ ነበር?» አለች ሱዳቤ።

«ምኑን?»

«ውሃውን።»

ፋርዛኔ መጥረጊያዋን አየች። «ታክሲው እንደዞረ። ሰው ያለ ውሃ መሸኘት እጄ እምቢ አለኝ።»

ሱዳቤ ሻንጣዋን መሬት አስቀምጣ የቤቷን ቁልፍ ከቦርሳዋ ፈለገች።

«እጅሽስ ጥሩ ነው፤ ሳምንት ሳይሞላኝ መለሰኝ» አለች። «ምነው ያን ጊዜ ለባርዲያም አንቺ በደፋሽለት።»