በትርሲት አካውንት የተጫወትኳቸው ጨዋታዎች

ይህን ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልተናዘዝኩም። እሳቸው ስለ ቼዝ ምን ያውቃሉ ብዬ አለፍኩት። ስለ ቼዝ ባያውቁ ስለ ሌባ አያውቁም? ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ይሄም ራሱ ፈሪነት ነው።

ትርሲትን ቼዝ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የካ ሚካኤል ጎረቤቶቼ የነበሩ ሰዎች ልጅ ናት። ጉርድ ሾላ ባለችው ትንሽ ክለባችን ሁሉንም ማሸነፍ ስትጀምር ደስ አለኝ። እኔን ማሸነፍ ስትጀምር ግን አፌ "ጎበዝ!" ይላል፣ ሆዴ ይቃጠላል። በዚያን ጊዜ ክለቡ ኢንተርኔት ላይ ውድድር ጀምሮ ነበር። ጥሩ የተጫወተ ውጭ አገር የሚሄደው ቡድን ውስጥ ይገባል። ትርሲት ቦታዋን ለመያዝ ጥቂት ጨዋታ ነበር የቀራት።

እነሱ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ክለባችን ውስጥ አንድ ልማድ ነበረን፤ መብራት የጠፋበት ሰው መብራት ላለው ጓደኛው ይደውላል፣ እሱም ገብቶ ጨዋታውን ይጨርስለታል። ሰዓቱ እየሮጠ ዝም ብሎ መሸነፍ አለ እንዴ? የድረ ገጹ ሕግ እንደሚከለክል እናውቃለን፤ ግን መረዳዳት እንጂ ማጭበርበር አይመስለንም ነበር።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ደወለች። "ጋሼ፣ መብራት ሄደብኝ! ይግቡና ይጨርሱልኝ፣ በእግዚአብሔር!" ፓስወርዷን ነገረችኝ። ገባሁ። ቦርዱን አየሁት፤ ምን አስባ እንደነበር ሊገባኝ አልቻለም። ሰዓቱ ይሮጣል። አልቻልኩም ልበላት? ለተማሪዬ? በሌላኛው ስልኬ የቼዝ ፕሮግራም ከፈትኩ። አንቀሳቅስ ያለኝን አንቀሳቀስኩ፣ ጨዋታውን አሸነፍኩ። "ጋሼ፣ አሁንም እኮ የሚደርስብዎት የለም!" አለችኝ ደውዬ ስነግራት።

ጣፈጠኝ። በሚቀጥለውም ጊዜ አደረግኩት። ከዚያም በኋላ። አንዴ ብቻ ቢሆን ደንግጬ ነው እል ነበር፤ እኔ ግን መብራት እንዲጠፋባት መመኘት ጀምሬ ነበር።

ድረ ገጹ አካውንቷን ዘጋው። እንቅስቃሴዎቹ የኮምፒውተር እንጂ የሰው አይደሉም ተባለ። እውነት ነበር። ክለቡ ኮሚቴ ሰበሰበ፤ ከኮሚቴው አንዱ እኔ ነበርኩ። ሰብሳቢው "ትርሲት፣ በአካውንትሽ የተጫወተ ሌላ ሰው አለ?" ብሎ ጠየቃት።

አየችኝ። ፕሮግራም መክፈቴን አታውቅም፤ የምታውቀው መብራት ጠፍቶባት እንደረዳኋት ብቻ ነው። እሷን ስለረዳሁ እንዳልቀጣ ብላ፣ "የለም። ሁሉንም የተጫወትኩት ራሴ ነኝ። የኮምፒውተር እርዳታ ግን አልተጠቀምኩም" አለች።

ማን ያምናታል? እኔ ነኝ ማለት አቅቶኝ ነው? አፌ ተይዞ ነው? እኔ ወለሉን አየሁ። ውጪ ጠብቂ ተባለችና በሩ ተዘጋ። ትባረር የምትሉ ሲባል እጄን አወጣሁ። ማንም አላስገደደኝም። እኔው ነኝ እጄን ያወጣሁት።

ቡድኑ ያለ እሷ ሄደ። ክለብ መምጣት አቆመች። እናቷ ሾላ ገበያ ባገኙኝ ቁጥር አንገታቸውን ይደፉ ነበር። ልጄ አዋረደችዎት ብለው በእኔ ፊት ያፍራሉ! እኔም ምንም እንዳልሆነ ሰው ሰላም ብያቸው አልፋለሁ።

ባለፈው እሁድ ትርሲት ታናሽ እህቷን ይዛ ቤቴ መጣች። "ጋሼ፣ እሷንም ያስተምሩልኝ" አለችኝ። "ማንም ባይነግረኝም፣ ያኔ በሩ ሲዘጋ እርስዎ ብቻ እንደተከራከሩልኝ አውቃለሁ። አልረሳውም።"

እኔስ ምን አልኩ? እሺ አልኩ። ሻይ ጠጡ ብዬ አስቀመጥኳቸው።

ቅዳሜ ይመጣሉ። ለታናሿ ከማስተማሬ በፊት ለታላቋ እነግራታለሁ ብዬ ወስኛለሁ፤ ግን ራሴን አውቀዋለሁ፣ ያኔም ቢሆን አፍ ነበረኝ። ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታ የምጠይቀው እሷን ነው፤ እሷ ደግሞ እስካሁን እያመሰገነችኝ ነው።