ሦስተኛው እርምጃዬ

ሲይዙኝ ተራው የእኔ ነበር። ኮተቤ ውስጥ፣ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ የወጣቶች ቼዝ ሻምፒዮና የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ነን። ነጭ ይዤ የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ገፋሁ፤ ቀጥዬ ፈረሴን አወጣሁ። ሦስተኛውን ሳስብ ሁለት ፖሊሶች ክንዴን ያዙኝ። ደብተሬ ሲፈተሽ መንግሥትን የሚነቅፍ ወረቀት ተገኘ። የጻፈው ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ተጋጣሚዬ ነው፤ ጓደኛዬ ስለሆነ «ያዝልኝ» ብሎ ሰጥቶኝ ነበር። ቀና ብዬ ሳየው ሰሌዳው ላይ አቀርቅሯል።

የካ ፖሊስ ጣቢያ ወስደው አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጣሉኝ። ሽንት ሽንት ትሸታለች። በመስኮቷ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጫፉ ብቻ ይታያል። «ወረቀቱ የማን ነው?» ሲሉኝ «የእኔ» አልኩ። ሁለት ጥርሴን እዚያ ተውኩ።

አብረውኝ የታሰሩት ሽማግሌ በመሬት ክርክር ዳኛ ዘልፈዋል የተባሉ ናቸው። ጨዋታዬ እንደቆጨኝ ሲሰሙ ወለሉ ላይ በከሰል ስባሪ ሰንጠረዥ ሠሩ፤ መጫወቻዎቹን ከዳቦ ልብ ጠፈጠፍን። እኔ አንድ ሳንቀሳቅስ እሳቸው አምስት አንቀሳቅሰዋል።

«አባባ፣ ተራ ይጠብቁ እንጂ።»

«በእኛ በጥንቱ የሰንጠረዥ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ አንዱ መጫወቻ እስኪበላ ድረስ ተራ የለም። ወረራ ይባላል። አንተንስ ሲወስዱህ ተራህን ጠበቁልህ?»

ሳቅሁ፤ ድዴ ደማ።

በሳምንቱ ጓደኛዬ ብርቱካንና አንድ ቅጽ ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። ቅጹ «ውድድሩን በገዛ ፈቃዴ ትቻለሁ» ይላል።

«በናትህ ፈርምልኝ። ካልፈረምክ አዘጋጆቹ ዋንጫውን አንሰጥህም ብለዋል።»

«የወረቀቱስ ነገር?»

«እሱን እዚህ አታንሳ» አለኝ፣ በዓይኑ ዘበኛውን እያሳየኝ።

ዘበኛው አጠገባችን ነው፤ አንድ ቃል ብተነፍስ እሱ ይገባል፣ እኔ እወጣለሁ። አልተነፈስኩም። እስክሪብቶውን ተቀብዬ በፊርማው ቦታ ሦስተኛውን እርምጃዬን ጻፍኩና «አልተውኩም፤ አሁን ተራው ያንተ ነው» አልኩት። ብርቱካኑን ለሽማግሌው ሰጠኋቸው።

ዋንጫውን ያለ ፊርማዬም ሰጡት። እኔ ዘጠኝ ወር ታሰርኩ። አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ አገላብጦ ይስመኛል፤ ስለዚያ ቀን ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ይቅር ብለኸዋል ወይ ብትሉኝ፣ አላልኩትም። ስሙን ግን ያኔም አልተናገርኩም፤ እዚህም አልጽፈውም።