የወንጌላዊው ሚስት መሐላ

ጣቢታን የሚያውቅ የእጃጂ ከተማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው ምላሷን ነው። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እሷም ሱቁ በር ላይ ከደንበኛ ጋር እየተነታረከች ነው ያደገችው። እንዲህ ያለችው ሴት ወንጌላዊ ስታገባ እጃጂ በሳቅ ፈረሰ። ጋሮማ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ አንዴ የወሰነውን ግን ማንም አያስለውጠውም። በ2009 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኑ ከወንጪ ሐይቅ በላይ፣ መኪና የማይደርስበት ተራራ ላይ መደበችው።

"ጌታ ነው የላከኝ" አለ።

"እኔንስ ማን ላከኝ?" አለች ጣቢታ። ብትልም ምን ታድርግ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላውን ልጇን ሞቲን አዝላ ተከተለችው።

ተራራው አልፈለጋቸውም፤ መሸፋፈን አያስፈልግም። "ጸረ ማርያም መጡብን" ተባለ። ወተት የሚሸጥላቸው ጠፋ። ጣቢታ ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን እያነሱ ውልቅ ይላሉ። "አካም ጂርቱ?" ብላ ሰላም ስትል መሬት ያያሉ። የሁሉም አውራ ጎረቤታቸው ወርቅውሃ ነበረች፤ የእሷ እንሰትና የእነሱ አጥር ይዋሰናል። ጣቢታም ብትሆን ዝም አትልም፤ በአጥር ላይ ሲሰዳደቡ አገር ይሰማቸው ነበር።

ጋሮማ ደግሞ ነገሩን አባሰው። የወርቅውሃ ባል ሞተና ሴቶቹ ሙሾ እያወረዱ፣ ወንዶቹ ደረታቸውን እየደቁ ሳለ፣ ሰውዬው ብድግ ብሎ "አታልቅሱ! የሚያለቅስ ተስፋ የሌለው ነው" ብሎ ስብከት ጀመረ። በእሱ ቤት ማጽናናቱ ነው። እዚያ ተራራ ላይ ግን ሰውን ያለ እንባ ቅበሩት ማለት ከነአካቴው ሰው አልነበረም ማለት ነው። ጣቢታ ኮቱን ከኋላ ብትጎትተው ብትጎትተው የሚሰማ ጆሮ አልነበረውም። ወርቅውሃ ልቅሶዋን አቋርጣ አየችው፤ አስተያየቷን ጣቢታ እስከ ዛሬ አትረሳውም።

በሳምንቱ ከእድሩ ተሰረዙ። እዚያ አገር እድር ለቀብር ብቻ አይደለም። ቃሬዛው የእድሩ ነው፤ የታመመ ሰው ቁልቁል መኪና መንገድ ድረስ የሚወርደውም በእድርተኛው ትከሻ ነው።

ክረምት ላይ ጋሮማ ሆዱን ይዞ ወደቀ። "ይጸለይልኝ" አለ፤ ጸለየችለት። ባሰበት። ሆዱ እንደ ጣውላ ደረቀ፣ ያስመልሰዋል፣ ይቃዣል። ፈረስ ለመከራየት ደጅ ለደጅ ዞረች፤ ፊት ነሷት። ቢያከራዩዋትስ እንዴት አድርጎ ይቀመጥበታል? ስልኩ እንደሆነ እዚያ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። እኩለ ቀን ላይ ስትጠራው መልስ መስጠት አቆመ።

በእነሱ ቤተ ክርስቲያን ኡኡታ ነውር ነው፤ ጋሮማም አጥብቆ ይከለክላት ነበር። ጣቢታ ግን ነጠላዋን ከራሷ ላይ ጥላ ደጅ ወጣች።

"ኡኡ! ኡኡ! የሰው ያለህ! ያገር ያለህ!"

ኡኡታ ሰምቶ ቤቱ የሚቀመጥ የለም፤ የጠላትም ቢሆን ይወጣለታል። ወጡ። ግን አጥሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ የሚገባ ጠፋ። የእድሩ ዳኛ ኦቦ ፈይሳ ብቻ ገብቶ አይቶ ወጣ።

"ሰውየው እየሞተ ነው" አለ።

"ይሙታ!" አለች ወርቅውሃ። "ባሌን አታልቅሱለት ያለ ሰው በኛ ትከሻ አይሄድም!"

ጣቢታ መልሱ ምላሷ ላይ ነበረ። ዋጠችው። ዋጠችና ጭቃው ላይ ተደፋች፤ የወርቅውሃን እግር ያዘች። "አዴ ወርቅውሃ፣ በልጅሽ፣ እግርሽ ላይ ወድቄያለሁ!"

ኦቦ ፈይሳ "ሰው ነው እኮ" ብሎ አጉተመተመ። ወርቅውሃ እግሯን አላቀቀች።

"እሺ፣ ይውረድ። ወርዶ ግን እዚያው ይቅር። ሁለተኛ እዚህ ተራራ ላይ ላይወጣ ማይልን።"

"አይመለስም።"

"ማይ አልኩሽ!"

"እኛ አንምልም፣ አዴ።"

"እንግዲያው ዘምሪለት" አለችና ወርቅውሃ ፊቷን አዞረች። ሰዉም ተከትሏት መንቀሳቀስ ጀመረ።

"ሞቲ ይሙት!" ብላ ጮኸች ጣቢታ። "ጋሮማ ተመልሶ ቢወጣ ልጄ ሞቲ ይሙት!"

ሰዉ ባለበት ቆመ። ወርቅውሃም ዞራ አየቻት፤ እናት ናትና እንዲህ ያለ መሐላ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ኦቦ ፈይሳ "ቃሬዛውን አምጡ" አለ።

ያን ሁሉ ቁልቁለት በዝናብ፣ በድጥ፣ እየተቀያየሩ ተሸከሙት። አንድም ሰው አላናገራትም። መኪና መንገዱ ላይ አውርደው ጫኑትና "እግዜር ይማረው" እንኳን ሳይሉ ሄዱ። አምቦ ሆስፒታል ሲደርስ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ኖሮ ሆዱ በጥድፊያ ተቀደደ። ነፍሱ ተረፈች።

ሲሻለው ሁሉንም ነገረችው። ይስቅልኛል አላለችም፤ "ነፍሴን አተረፍሽ" ይላል ብላ ግን ጠብቃ ነበር። ምነው ባልጠበቀች!

"በልጄ ሞት ማልሽ? አገልግሎቴን ሸጥሽ?"

"አንተን አተረፍኩ።"

"ማን ፈቀደልሽ? ከንቱ መሐላ ነው፤ ጌታ ከቶ አትማሉ ብሏል። እኔ እመለሳለሁ።"

"ልጄን አስይዤ ነው ያወረድኩህ!" አለች። "ከንቱ ከሆነ እንግዲህ ሂድ። አልይዝህም።"

ቁስሉ እንደ ደረቀ አንድ ጠዋት አምቦ ከተጠጉበት ቤት ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ተራራው ሊመለስ ተነሳ። ጣቢታ እንዳለችው አልያዘችውም፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ሞቲ ደጃፉ ላይ አፈር ይጫወታል። ቀና ብሎ አባቱን አየና እጁን ዘረጋ፤ እቀፈኝ ነው። ጋሮማ ቆመ። እስቲ ይሂዳ! መሐላ ከንቱ ነው ያለ፣ ስንቱን በዚሁ የሰበከ ሰው አይደል? ልጁን አየ፣ መንገዱን አየ፣ ደግሞ ልጁን አየ። ቦርሳውን ወርውሮ ወደ ውስጥ ተመለሰ።

ዛሬ አምቦ ነው የሚኖሩት። እሷ እንደ አባቷ ልብስ ትሰፋለች፤ እሱ ከተማው ውስጥ ያገለግላል። ከዚያን ቀን ወዲህ በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ ምግብ ስታቀርብለት እንኳን ቀና ብሎ አያያትም። ሽማግሌዎች ገብተውበት አልሆነም። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ደግሞ "አንቺው ይቅርታ ጠይቂው እንጂ፣ ባልሽ እንዲህ ጠልቶሽ እንዴት ትኖሪያለሽ?" እያሉ ይወተውቷታል።

ጣቢታ ከስፌት መኪናዋ ቀና አትልም።

"ይጥላኝ" ትላለች። "ቆሞ እየሄደ ይጥላኝ!"