በእትዬ በኩል ያለው ሙቀት

የመኪናዬ ኤሲ ደከመ ብሎ ጋራዤ የሚመጣ ሰው ሁሉ ምርመራውን ራሱ ጨርሶ ነው የሚመጣው። «ጋዝ ሙላልኝ» ይላል። «እስቲ እየው» የሚል አንድም አላጋጠመኝም። ሐኪም ቤት ሄደው መርፌውን ራሳቸው ያዛሉ እንዴ? በዚህ ነገር ቱግ እላለሁ፤ ሚስቴም «ደንበኛ የሚያባርር አፍ» ትለኛለች።

ጋሼ ፀጉር አስተካካዩን ግን ምን ብዬ ልቆጣ? ከልጅነቴ ጀምሮ ጭንቅላቴን እንደፈለጉ ሲያዞሩት የኖሩ ሰው ናቸው። ያን ቀን ሰማያዊ መኪናቸውን ይዘው መጡ። መኪናዋ በዕድሜ ታላቄ ናት፤ መቀመጫዋ ግን ትናንት የተሰፋ ነው የሚመስለው። ሲወርዱ ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል።

«ሦስት ጋራዥ ጋዝ ሞላልኝ። ያው ነው» አሉ። «ልጄ ደግሞ ቆርጣለች።»

ልጃቸውን አውቃታለሁ፤ አንዴ ካለች አለች ነው። አባቷ በሙቀቱ መሪ እንደያዙ ዞሮባቸው መንገድ ዳር ካቆሙ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ኤሲው በዚህ ሳምንት ካልተሠራ መኪናዋን ልትሸጥ ገዢ ሁሉ አግኝታለች። አልፈርድባትም። ግን መኪናዋ ከሄደች ለጋሼ ምን ይቀራቸዋል? ባለቤታቸው እትዬ ካረፉ ዓመት ሊሞላ ነው። ቤት ውስጥማ መቼ ተያዩና፤ እሳቸው ፀጉር ቤት፣ እትዬ ስፌት ላይ። ያወሩትም፣ የሳቁትም፣ የተኳረፉትም እዚች መኪና ውስጥ ነው።

«እትዬ እያሉ እንዴት ነበር?» አልኳቸው።

«ደህና ነበር እኮ። ምንም አልነበረውም።»

ኮፈኖውን ከፈትኩ። ጋዙን ለካሁ፤ ሞልቷል፣ እንዲያውም ተርፎታል። ኮምፕሬሰሩ ይሠራል፣ ማራገቢያው ይሽከረከራል። ወደ ውስጥ የሚገባውን የኤሲ ቱቦ ስነካው ጣቴን እስኪቆረጥመኝ ቀዝቅዟል። ታዲያ አየሩ ለምን ለብ ይላል? መንገድ ላይ የሚያሞቀው ነገር አለ ማለት ነው። የማሞቂያውን የውሃ ጎማ ያዝ ባደርገው አቃጠለኝ። በዚህ ሐሩር የሞተሩ ፍል ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ጎማውን ተከትዬ ስሄድ የውሃውን መዝጊያ አገኘሁት፤ እንዳይዘጋ በቀጭን ሽቦ ከፈት ተደርጎ ታስሯል። የሽቦው ጫፍ እንኳ እጅ እንዳይወጋ በጥንቃቄ ታጥፏል።

«ማነው ይሄን ጉድ የሠራው? እጁን ነበር ማሰር» አልኩ።

ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩት። የታጠፈውን ጫፍ በጣታቸው ዳበሱት።

«እኔ ነኝ» አሉ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ጉልበቷን ይበርዳት ነበር» አሉ። «እኔ ሙቀት አልችል፣ እሷ ብርድ አትችል። መኪና ውስጥ ከገባን ክፈተው፣ አጥፋው ነው። አንድ ቀን ተናዳ ወረደችና በእግሯ ቤት ገባች። በነጋታው ይሄን አሰርኩ። ማሞቂያው በሷ እግር በኩል ነው፤ ለሷ ሞቅ ይላታል፣ ለእኔም ትንሽ ይነፍስልኛል።»

«ነገሯቸው?»

«የለም። ‹ተሻለሽ ወይ?› ስላት ‹የተሻለህስ አንተ ነህ፣ ሰው ሆነሃል› አለችኝ። ልንገራት ብል ያቺ ምስጋና ልትቀርብኝ ነው፤ ዝም አልኩ።»

«እና ረሱት?»

«ምኑን እረሳዋለሁ? ግን ጥፋቱ እሱ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። እሷ እያለች እኮ አይሞቀኝም ነበር።»

መኪናዋ ምንም አልሆነችም፤ ያኔም እንዲሁ ነበረች። ሰውዬው እንደዚያ እያላባቸው ስንት ዓመት ነድተዋል፣ ሙቀቱን ልብ ያሉት ግን ጎናቸው ባዶ ሲሆን ነው።

«ልቁረጠው?» አልኩ ቀስ ብዬ። ካልተቆረጠ ልጅቷ እንደምትሸጣት ሁለታችንም እናውቃለን።

ፒንሳውን ከእጄ ወሰዱ። በሰው ጆሮ ዙሪያ መቀስ እንደሚያዞሩ ሁሉ፣ ጎማውን ሳይነኩ ሽቦውን ብቻ ያዙ። ቆረጡት። መዝጊያውን እኔ ዘጋሁት።

ሞተሩን አስነስተው ኤሲውን ከፈቱ። አብሬያቸው ልፈትሸው ብዬ የእትዬን በር ስይዝ በዓይናቸው ከለከሉኝ። ዞሬ በሳቸው መስኮት በኩል ቆምኩ። ፊቴን የመታኝ አየር በረዶ ነው።

«እንዴት ነው ጋሼ?»

ጣታቸው ማጥፊያው ላይ ነው፣ ፊታቸው ወደ ባዶው መቀመጫ ዞሯል። ቅዝቃዜው እየበረታ ሄደ።

«ይሄኔ ‹አጥፋው› ትለኝ ነበር» አሉ።

ጠበቁ። እኔም እንደ ሞኝ አብሬያቸው ጠበቅሁ። ማንም ምንም አላለም። ጋሼ ጣታቸውን ከማጥፊያው ላይ አነሱና፣ ኤሲውን እንደከፈቱት፣ ወደ ቤታቸው ነዱ።