ደም ያላየንበት ቁስል

ትዕዛዙ ጎህ ሲቀድ ደረሰን። ኮረብታውን ያዙ፣ እስኪመሽ አትልቀቁ ተባልን። ያዝነው። ረፋዱ ላይ መድፍ ይወርድብን ጀመር። አንዱ ጥይት ምሽጋችን አፍ ላይ ፈነዳ። ሁለት ጓዶቻችን እዚያው ቀሩ። ሌላ አንድ ጓዳችን እግሩ ተቆርጦ ይጮኻል። አቡቶን ግን ፍንዳታው አንስቶ ከምሽጉ ግድግዳ ጋር አላተመው።

ሁለታችንም የሀዲያ ልጆች ነን፤ አቡቶ የጊምቢቹ፣ እኔ የሌሞ። አገላብጬ ባየው ጭረት እንኳ የለበትም። በሀዲይኛ «ውስጤ ተቀዷል፣ መተንፈስ አቃተኝ» አለኝ። መቶ አለቃችን ቋንቋውን አይሰማም። ሁለት ያገር ልጆች ስንንሾካሾክ አየና ፊቱ ጠቆረ።

«ምን እየተመካከራችሁ ነው?»

«ተጎድቷል ጌታዬ፣ ቁስለኛውን በሚወስደው አምቡላንስ ይሂድ።»

«ደሙ የታለ?»

ክፉ ሰው አልነበረም። በቅርቡ አንዱ ‹ሆዴን› ብሎ ወርዶ በዚያው ስለጠፋ ማንንም አያምንም። ዞሮ አቡቶን በአማርኛ ጠየቀው። አይ የኛ ሰው! አለቃ ፊት አመመኝ ማለት ነውር ሆነበት። ግድግዳውን ተደግፎ ተነሳና «ደህና ነኝ ጌታዬ» አለ።

ለኔ በሀዲይኛ ሌላ፣ ለሱ በአማርኛ ሌላ። ውሸታሙ እኔ ሆንኩ። አምቡላንሱ እግሩ የተቆረጠውን ይዞ ሲወርድ ባዶ ቦታ ነበረው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከሰዓት በኋላ አቡቶ ደም ተፋ። ጀምበር ሳትጠልቅ አረፈ።

ቆይቶ ሆሳዕና ውስጥ አንድ ሐኪም ነገሩን አስረዳኝ። የፍንዳታ ግፊት ቆዳን ሳይነካ ሳንባን ይቀድዳል። «የሚጮኸው ቢያንስ እየተነፈሰ ነው። ዝም ያለውን ጠርጥር» አለኝ። ይኸው እጠረጥራለሁ። ከባጃጅ ወድቆ ልብሱን አራግፎ የሚሄደውን ሁሉ ሐኪም ቤት ካልሄድክ ብዬ እጨቀጭቃለሁ። የሰፈሩ ሰው ለየለት ይለኛል፣ ይበል።

ለለቅሶ ጊምቢቹ ስሄድ የአቡቶ አባት አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«የቱ ጋ ነው የተመታው?»

«የትም አልተመታም አባባ። ውስጡን ነው።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ሳይመታ ጦር ሜዳ ላይ የሚሞት አለ ልጄ? እውነቱን ንገረኝ። ከናንተ ማነው የገደለው?»

ምዬ ተገዝቼ ነገርኳቸው። አላመኑኝም።

የዚያን ቀን የሞቱብን ሦስት ናቸው። የሌሎቹ የሁለቱ ቤተሰቦች ጋ ስሄድ እንደ ልጃቸው ያቅፉኛል። ጊምቢቹ ግን ሽማግሌው ሲያዩኝ ተነስተው ወደ ጓዳ ይገባሉ። አልቀየማቸውም። እኔም በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር።