ባቱ ሐይቅ ዳር የተጫወትነው ኩኩሉ

ባለፈው ሳምንት አዳማ ገበያ ከፊላ የተሠራ ምንጣፍ ገዛሁና ቤት ወስጄ ስዘረጋው ሽታው ክፍሉን ሞላው። ደረቅ ሣር ሣር ይላል፣ ትንሽ ጭቃ፣ ትንሽ ደግሞ ዓሣ። ባለቤቴ አፍንጫውን ይዞ «ይሄን ነገር ውጪ አውጪው፣ ፀሐይ ይምታው» አለኝ። እኔ ግን እላዩ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። በአባባ ሚኒባስ ወደ ባቱ የሄድንበት እሑድ ድቅን አለብኝ። ያኔ ሁላችንም ዝዋይ ነበር የምንላት።

አባባ ከአዳማ ሻሸመኔ የሚመላለስ ሹፌር ነበር። መንገዱን ከነጉድጓዱ በቃሉ ያውቀዋል፤ ሐይቁን ግን በመስኮት ከማየት በቀር ወርዶ ቆሞበት አያውቅም። እማማ «የሰው ልጅ ስታመላልስ የራስህን ልጆች ረሳሃቸው» እያለች ስትነተርከው ከረመች። እሱም እንዳልሰማ ሆኖ ከርሞ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ሚኒባሱን አጥቦ በር ላይ አቆመና ክላክሱን ነፋው። እማማ የቀቀለችውን እንቁላል፣ ዳቦውንና የሻይ ፔርሙዙን ይዛ ስትወጣ ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ዛሬም ይታየኛል።

እኛ ልጆቹ ሦስት ነበርን። እኔ፣ ታናሽ እህቴ ሚጣ፣ እና እኛ ጋር ያድግ የነበረው የአክስቴ ልጅ። ሚጣ እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች ቤተሰቡ ሁሉ የሚጠራት እንደዚያ ነው። የአክስቴ ልጅ ደግሞ የሰው ድምፅ ሲቀዳ ጉድ ነበር። የጎረቤቱን፣ የመምህሩን፣ ከሁሉም በላይ የአባባን ያን ጎርናና ድምፅ። ያን ቀን ከኋላ ወንበር ሆኖ በአባባ ድምፅ «ሒሳብ! ሒሳብ!» ሲል፣ አባባ ራሱ መሪውን ይዞ ከሳቁ የተነሳ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቆቃን ስናልፍ ዓሣ በገመድ ያንጠለጠሉ ልጆች ወደ መኪናው ሮጡ። መቂ ላይ ሐብሐብ ተገዛልን። የክት ልብሳችን በሐብሐብ ጭማቂ ሲበላሽ እማማ አለመቆጣቷ ነው የገረመኝ። ነፋሱ ሞቅ ያለ ነበር፤ የቲማቲም እርሻና አቧራ ይሸታል።

ሐይቁ ዳር የቆምነው ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ ነበር። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ዕድር ዳኛ ኮስተር ብለው ቆመዋል። ከውሃው ራቅ ብሎ የታጨደ ፊላ፣ ያ ረጅሙ የሐይቅ ዳር ሣር፣ በእቅፍ በእቅፍ ታስሮ፣ እንዲደርቅ ጫፍ ለጫፍ ተደጋግፎ ቆሟል። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መረባቸውን እየጠገኑ «አካም ጅርቱ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉን። ከዚያ ወደ እኛ ወደ ልጆቹ ዞረው «ውሃው ጋ እንዳትደርሱ፤ ጉማሬ አለ» ሲሉ አስጠነቀቁን። እውነታቸውን ነው፤ ከሩቅ ሲያጉረመርም ይሰማ ነበር።

ከምሳ በኋላ አባባ ግራር ሥር ተጋድሞ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፋ፤ እኛ ኩኩሉ ጀመርን። መጀመሪያ ፈላጊው የአክስቴ ልጅ ነበር። እሱ መች ይፈልጋል! በአባባ ድምፅ «ሚጣ! ነይ ሐብሐብ ብዪ!» አለ። እህቴ ከተደበቀችበት እየሮጠች ወጣችና ተያዘች። ስቀን ልንሞት ደረስን። እሷ ግን እያለቀሰች ወደ እውነተኛው አባባ ሄደች። አባባ ኮፍያውን እንኳ ሳያነሳ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ልጄ» አላት። «ከእንግዲህ ማንም ስምሽን ቢጠራ፣ በኔ ድምፅም ቢሆን፣ እንዳትወጪ። ኩኩሉ ለሚልሽ ብቻ መልሺ።» እሷም እንባዋን ጠርጋ፣ ትልቅ ምስጢር እንደተነገራት ሁሉ ራሷን ነቅንቃ ተመለሰች።

በሁለተኛው ዙር ፈላጊዋ እኔ ሆንኩ። ግንባሬን ሚኒባሱ ላይ አስደግፌ «ኩኩሉ!» ስል «አልነጋም!» ይሉኛል። ነፋሱ በረታ። ትንሽ ቆይቶ «ነጋ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የአክስቴን ልጅ ወዲያው ከመኪናው ሥር ጎትቼ አወጣሁት። ሚጣ ግን የለችም።

መጀመሪያ ላይ እየሳቅን ነበር የምንፈልጋት። ከግራሩ ጀርባ፣ ጀልባው ውስጥ፣ መረቡ ሥር አየን። «በቃ፣ አሸነፍሽ፣ ውጪ!» አልናት። አልወጣችም። ከዚያ የአክስቴ ልጅ ውሃው ዳር ሄዶ ጎንበስ አለ። ሲዞር ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር። በእጁ የሚጣን አንድ እግር ጫማ ይዟል።

እማማ የጮኸችው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። አባባ ከተኛበት ተነስቶ ከነልብሱ ውሃው ውስጥ ገባ። አጥማጆቹ ጀልባቸውን እየገፉ ወጡ፣ በረጅም እንጨት ውሃውን ይነካካሉ። ሁላችንም «ሚጣ! ሚጣ!» እንላለን። አባባ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ሆኖ ስሟን ሲጠራ ድምፁ እየሻከረ ሄደ፤ አባባ መፍራት እንደሚችል ያወቅሁት ያኔ ነው። እኔ ጮክ ብዬ መጸለይ ፈልጌ «እግዜር ሆይ» ከማለት አላለፍኩም።

«ጨል ጄዳ!» አሉ ሽማግሌው፤ ዝም በሉ ማለታቸው ነው። «ሕፃን ብትጣራ በዚህ ጫጫታ በምን እንሰማታለን?»

ሁሉም ዝም አለ። ነፋሱና ጉማሬው ብቻ ቀሩ። እናም በዚያ ዝምታ ውስጥ የአባባ ፊት ሲለወጥ አየሁ።

«ስሟን አትጥሩ» አለ። «ማንም ስሟን እንዳይጠራ። እኔ ነኝ እንዳትወጪ ያልኳት።»

ውሃ እያንጠባጠበ ወደ ዳር ወጣ። ያ ተሳፋሪ የሚያከብረው፣ ጎረቤት የሚፈራው ሰውዬ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዓይኖቹን በሁለት እጁ ሸፈነ። ለምን እንደሸፈነ አላውቅም፤ ጨዋታው እንደዚያ ስለሆነ ይሆናል። ከዚያ በተሰነጠቀ ድምፁ ጮኸ፦

«ኩኩሉ!»

ምንም የለም። እማማ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳለች።

«ኩኩሉ!» አለ ደግሞ፣ ሊያለቅስ ሲል።

«አልነጋም!»

ከኋላችን ነበር። ሁላችንም ዓይናችንን ውሃው ላይ ተክለን፣ እሷ በጀርባችን በኩል፣ ከተደጋገፈው ፊላ መሐል። አባባ እየሮጠ «ኩኩሉ!» ይላል፤ እሷ «አልነጋም!» ትላለች፤ እሱ ድምፁን ተከትሎ ፊላውን ይገነጣጥላል። እማማ እዚያው አሸዋው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት አልቻልኩም። ነፍሴ ወደ ቦታዋ ስትመለስ ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ደስታ አይቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ድሬያለሁ፤ የዚያን ቀኑን የመሰለ እፎይታ ግን አላገኘሁም።

ጫማውን ውሃ ዳር ያስቀመጠችው ለካ ሆን ብላ ነው። «እዚያ እንድትፈልጉኝ ነዋ! እናንተ ብቻ ናችሁ እንዴ የምትሸውዱት?» አለችን። ስሟ ሲጠራ ሰምታለች፤ በአባባ ድምፅ መሆኑንም ሰምታለች። «እሱ ነው ብዬ ነዋ» አለች ወደ አክስቴ ልጅ እየጠቆመች። ዓሣ አጥማጆቹ በሳቅ ፈረሱ፤ ሽማግሌው እንኳ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ያብሱ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ከዚያ ቀን ወዲያ የአባባን ድምፅ ቀድቶ አያውቅም። አባባ ካረፈ በኋላ፣ ቤተሰብ ሲሰበሰብ፣ «እስኪ አንዴ አሰማን» ብለን እንለምነዋለን። አንገቱን ይደፋል፤ እኛም አንጨቀጭቀውም።

አባባ ግን ያን ቀን ሚጣን አለመቆጣቱ! እማማ እንኳ «ትንሽ ቆንጠጥ አድርጋት» ብላዋለች። እሱ አሸዋው ላይ ተቀምጦ በረጠበ ልብሱ አቀፋት። ሚጣ ግን ፊቷን አጨፍግጋለች።

«ነጋ ያልኩት እኮ እኔ አይደለሁም! ነጋ ሳልል ነው ያገኘኸኝ፤ አይቆጠርም!»

«እሺ፣ አይቆጠርም» አላት።

«እንደገና ልደበቅ።»

«እሺ ልጄ፣ ተደበቂ።»

«ልቀቀኛ ታዲያ!»

«እሺ» አለ አባባ። እሺ እያለ አልለቀቃትም።