ወንዙ የቀነሰ ዕለት

እህቴን «ወይዘሪት ጥላ» ብዬ የሰየምኳት እኔ ነኝ። አሁን ሳስበው አፌን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

እህቴ ከተማ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መጋረጃው ሁልጊዜ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሳተላይት ያነሳውን የወንዞች ፎቶ ስታይ ትውላለች። ውሃ የሚመጣበትን ቦታ ቀድማ አይታ ወንዝ ዳር ላለ ሰው ትደውላለች። ሻይዋ ሳይጠጣ ይቀዘቅዛል። እናታችን በሕይወት ሳለች «ይቺ ልጅ ከሰማይ ሆና ታየናለች፣ ቤት ስትመጣ ግን እግሯ ሥር ያለውን ባልዲ አታይም» ትል ነበር።

እኔና አባታችን ደግሞ ከዘጠኝ ሠራተኞች ጋር ወንዙ ዳር ጡብ እንሠራለን። የጡብ ምድጃ አንዴ ከተለኮሰ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው አይለየውም። መሃል ላይ ከቀዘቀዘ ጡቡ ጥሬ ይቀራል፣ በጣት ይፈረፈራል። አምና ልክ እሳት ላይ እያለን ደወለች። «ውሃ እየመጣ ነው፣ ውጡ!» ወጣን። ኮረብታው ላይ ሁለት ቀን ተቀምጠን ወንዙ ላይ ብናፈጥ ምንም የለም። ፎቶው ላይ ያየችው ጥቁር ነገር ውሃ ሳይሆን የደመና ጥላ ኖሯል። የክረምቱ ልፋታችን አፈር በላ። እኔም ስሙን አወጣሁላት፣ ሠራተኛው ሁሉ ተቀበለኝ። ስትሰማ ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ወር ቤት አልመጣችም።

ዘንድሮም ምድጃው በተለኮሰ በሁለተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ወይዘሪት ጥላ! ዛሬስ ማን ሊሰምጥ ነው?» አልኳት።

«ቀልዱን ተው። ላይኛው ሸለቆ ላይ ተራራው ተንዶ ወንዙን ዘግቶታል። ከጀርባው ብዙ ውሃ ተጠራቅሟል።»

«ጥላ ቢሆንስ?»

«ጥላ ከሆነ ጥላውን የጣለው ደመና አጠገቡ መታየት አለበት። አምና እሱን ሳልፈልግ ነው የተሳሳትኩት። ዛሬ ሦስቴ ፈለግኩ፣ የለም። አንድ ነገር ብቻ እይልኝ። ወንዙ ቀንሷል?»

ወረድኩ። የጡብ ቅርጻችንን የምናጥብበት ድንጋይ በክረምት ታይቶ አያውቅም። ያን ቀን ወገቡ ድረስ ወጥቷል። ጭቃው ላይ አንድ ዓሣ ይንደፋደፋል። ዝናቡ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ያባራው ጎህ ሲቀድ ነው። እንዲህ ዘንቦ ወንዝ የሚጎድለው ላይ ሲዘጋ ብቻ ነው።

«ዕቃውን ተዉት፣ ወደ ኮረብታው!» ብዬ ሠራተኞቹን አባረርኳቸው። አባታችን ግን ንቅንቅ አላለም።

«ወንዙ ጎደለ፣ እናንተ ሊሞላ ነው ትሉኛላችሁ! እሳቴን አልጥልም። አምና የጣልኩት ይበቃኛል።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፍኩለት። «አባዬ፣ በሞቴ ውጣ» ስትለው እኔም እሰማለሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁ፣ ክንዱን ይዤ ጎተትኩት። በሰባ ዓመቱ ገፍትሮ ጣለኝ! ትቼው ልሂድ ብል እግሬ እምቢ አለ። ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር መጣ እያልኩ እዘላለሁ።

እንደገና ደወለች። «ስጠው» አለችኝ።

«እሺ አባዬ፣ አትውጣ» አለችው። «እኔ እየመጣሁ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ነኝ። ኮረብታው ጫፍ ላይ ወርጄ በእግሬ ቁልቁል እመጣና አጠገብህ እቀመጣለሁ።»

ማገዶው ከእጁ ወደቀ። «አብደሻል? እዚያው ቁሚ! አንቺ ልጅ!» ስልኩ ተዘግቷል።

ለራሱ ነፍስ ያልተነቃነቀው ሰውዬ፣ ዳገቱን በባዶ እግሩ ሲሮጥ እኔ ልደርስበት አቃተኝ። ጫፉ ላይ ደርሶ ግራ ቀኝ ቢያይ አውቶቡስ የለ፣ ልጅ የለች። «ልጄ የታለች?» እያለ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። ያኔ ነው ከላይኛው ሸለቆ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ የመጣው። ውሃው ከነዛፉ፣ ከነድንጋዩ ወረደ። ምድጃው ትንሽ ጢስ ለቀቀና ጠፋ።

ደወልኩላት። «የት ነሽ?»

«ቢሮ። ከወንበሬ አልተነሳሁም። ከታች ላሉት ሰፈሮች እየደወልኩ ነው። አባዬ ወጣ?»

«ወጣ።»

ስታለቅስ ሰማኋት።

አባታችን ስልኩን ነጠቀኝ። «ዋሽተሽኛል!» ብሎ ጮኸባት። «ዕድሜሽን ያርዝመውና፣ ዋሽተሽኛል!»

በሳምንቱ አለቃዋ ቅጽ ሰጣት፤ የሳተላይቱ መረጃ ይህን ያህል ወጪ ሲወጣበት ምን ጠቀመ ብለው ለሚጠይቁ የሚላክ ነው። አንዱ መስመር «የዳነ ንብረት» ይላል። ምን ትጻፍ? ምድጃው ሄደ፣ ጡቡ ሄደ፣ መጋዘኑ ሄደ። «የለም» ብላ መጻፏን ስትነግረኝ ደሜ ፈላ።

«አሥራ አንድ ሰው ብለሽ ጻፊ እንጂ!»

«ለሰው መስመር የለውም» አለችኝ።

አዲሱን ምድጃ ኮረብታው ላይ ነው የሠራነው፤ ውሃ አይደርስበትም። አባታችን ግን ክብሪቱን ይዞ ይቆምና «ደውልላት» ይለኛል። እሷ ፎቶዋን አይታ «ለኩሱ» ሳትል አይለኩስም።